የአምፖል መደብዘዝና የቴሌቪዥን መቃጠል፤ ምክንያታቸው ምንድን ነው?

በጦር ሰፈር የቤተሰብ መኖሪያ ለኖረ ሁሉ እንግዳ ያልሆነ አንድ ነገር አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የኤሌክትሪክ ምጣዶች በየቤቱ ሲጣዱ አምፖሎች ይደበዝዛሉ፤ እንጀራውም ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። ይህ ጸሐፊ ቀደም ሲል በኖረበት አንድ ሰፈር የደረሰው ግን ከዚህ የባሰ ነበር። አንድ ምሽት የአንዱ ቤት አምፖል እንደ ኩራዝ ሲደክም የጎረቤቱ አምፖል ቦግ ብሎ ተቃጠለ፤ ቴሌቪዥኑም ጭስ አወጣ። እመቤቲቱ፣ «ሃምሳ አለቃ፣ መብራቱ በዛብን ወይስ አነሰን?» ብለው የሰፈሩን ኤሌክትሪሻን ቢጠይቁ፣ «እትዬ፣ በእርስዎ ቤት በዛ፣ በጎረቤትዎ አነሰ፤ ሁለቱም የመጣው ከአንድ ሽቦ መበጠስ ነው» ሲል መለሰላቸው።

መልሱን ለመረዳት ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ያሻል።

የመጀመሪያው በመንገድ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ነው። ሽቦ ረጅምና ቀጭን በሆነ መጠን ኤሌክትሪክን የመቃወም ኃይሉ ይበዛል። የመዳብ ሽቦ ተቃውሞ የሚገኘው 0.0175ን በርዝመቱ በሜትር አባዝቶ፣ በውፍረቱ በካሬ ሚሊ ሜትር በማካፈል ነው። ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ ርዝመቱ በሁለት ይባዛል። እንግዲህ ከማከፋፈያው 100 ሜትር የራቀ ቤት በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ቢገናኝ ተቃውሞው 1.4 ኦም ይሆናል። ምጣዱ 16 አምፔር ቢስብ 22.4 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ ከ220 ቮልት ውስጥ ለቤቱ የሚደርሰው 198 ያህል ብቻ ነው። ምጣዱም ከኃይሉ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል። ሽቦው 10 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ኖሮ የሚቀረው 5.6 ቮልት ብቻ በሆነ ነበር። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን መመሪያ ከሕዝብ መስመር ለሚገኝ ኃይል የሚመክረው ኪሳራ ለመብራት 3 በመቶ፣ ለሌላ አገልግሎት 5 በመቶ ነው። ቀጭኑ ሽቦ 10 በመቶ ሲያባክን ወፍራሙ 2.5 በመቶ ብቻ ያባክናል።

ሁለተኛው የኒውትራል ሽቦ ጉዳይ ነው። በ1891 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ከላውፈን እስከ ፍራንክፈርት 175 ኪሎ ሜትር ኃይል በማስተላለፍ ብቃቱን ያስመሰከረው የሦስት ፌዝ ሥልት፣ ሦስቱ ፌዞች ተራ ጠብቀው እንዲነሡና እንዲወድቁ የተደረገበት ነው። ስለዚህ ጭነታቸው እኩል ሲሆን በኒውትራል የሚመለሰው ኤሌክትሪክ እርስ በርሱ ይሰረዛል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የየፌዙን አምፔር በራሱ አባዝቶ መደመር፤ ከዚያ የየሁለቱን ፌዞች ብዜት መቀነስ፤ ከቀረው ስኩዌር ሩት ማውጣት ነው። 60 አምፔር ጭነት አለን እንበል። 20፣ 20፣ 20 ተደርጎ ቢከፋፈል በኒውትራል የሚሄደው ዜሮ ነው። 30፣ 20፣ 10 ቢሆን ከ1400 ላይ 1100 ሲቀነስ 300 ይቀራል፤ ስኩዌር ሩቱም 17.3 አምፔር ነው። ሁሉም በአንድ ፌዝ ላይ ቢጫን ግን ኒውትራሉ 60ውንም ይሸከማል። የዛሬዎቹ ኮምፒዩተሮች፣ ቻርጀሮችና ኤልኢዲ አምፖሎች ደግሞ ጭነቱ እኩል ሆኖ ሳለ እንኳ በኒውትራል ላይ የማይሰረዝ ጭነት ይጨምራሉ። ኒውትራልን ከፌዝ አቅጥኖ መዘርጋት የማይገባውም ስለዚህ ነው።

በዚያ ሰፈር አብዛኞቹ ምጣዶች በአንድ ፌዝ ላይ ተሰክተው ነበር። የኒውትራሉ መጋጠሚያ ከሙቀት ብዛት ላልቶ ተበጠሰ። ኒውትራል ከሌለ ሁለት ቤቶች በሁለት ፌዞች መካከል ባለው 380 ቮልት ላይ እንደ ሰንሰለት ይቀጣጠላሉ። ምጣድ የጣደው ቤት ጥቂቱን ብቻ ሲያገኝ፣ አምፖልና ቴሌቪዥን ብቻ ያበራው ቤት አብዛኛውን ይቀበላል። ጥፋት ያልሠራው ቤት ተቃጠለ ማለት ነው።

ስለዚህ፣ ውድ አንባቢያን፣ አንዱ መብራት ሲደክም ሌላው ያለ ልክ ቦግ ካለ ዋናውን ማጥፊያ ወዲያውኑ ማጥፋትና ባለሙያ መጥራት ይገባል። በኒውትራል ላይ ብቻ ፊውዝ አይገጠምም። አዲስ ምጣድ ከመሰካቱም በፊት የትኛው ፌዝ ቀለል እንዳለው መጠየቅ ለጎረቤት ማሰብ ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው የእናቶቻችን አባባል ለሽቦም ይሠራል።