ለሰኞ ማታ የሚሆን ሥጋ

ሥጋ ይሠራ ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚታየው የበዓል ድስት ነው፦ ሽንኩርቱ በሳህን ተከትፎ፣ ለሰዓታት ተቁላልቶ፣ ቤቱ ሁሉ በወጥ ሽታ ታውዶ። እሱ ለበዓል ይቆይልን። እኔ የምጽፈው ከሥራ ወጥቶ፣ ታክሲ ተሰልፎ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቤቱ ለሚደርስና ልጆቹን እንቅልፍ ሳይጥላቸው እራት ማቅረብ ለሚፈልግ ሰው ነው። እኛ ቤት ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። ስለዚህ ከሥራ ቀናት ሥጋ የሚበላው ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ነው፤ ሦስቱንም ምሽት ምድጃው ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ ይበቃናል፤ አሁን ባለው የሥጋ ዋጋ ከዚያ በላይ መግዛትም ቀላል አይደለም። ያቺ ግማሽ ኪሎ ቶሎ ደርሳ፣ ጥማ እንድትቀርብ ግን ግማሹ ሥራ ማለቅ ያለበት ሥጋ ቤት ነው።

«ግማሽ ኪሎ ስጠኝ» ብሎ ሒሳብ መክፈል አይበቃም፤ ለምን እንደሚሆን መናገር ያስፈልጋል። የእኔ ሥጋ ቆራጭ ገና በር ላይ ሲያየኝ «ዛሬስ ምን ልትሠሪ ነው እናቴ?» ይለኛል። ጥብስ ካልኩት ከሽንጡ ይቆርጥልኛል፤ ምንቸት አብሽ ካልኩት ስብ የሌለበትን ቀይ ሥጋ መርጦ ይፈጭልኛል፤ ቅቅል ካልኩት ከጎድኑ ወይም ከቅልጥሙ ከነአጥንቱ ይሰጠኛል። የበሬ ሽንጥ ሥራ የማይበዛበት ጡንቻ ስለሆነ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይበስላል። አንገቱና ወርቹ ግን ዕድሜ ልካቸውን ሲሸከሙ፣ ብዙ ጊዜም ቀንበር ሲጎትቱ የኖሩ ናቸውና ጅማታቸው ብዙ ነው። ወርች ገዝቶ ጥብስ ልሥራ ማለት እራትን ለእኩለ ሌሊት መቅጠር ነው።

ከሁሉም ቀላል የሚባለው ጥብስ ነው፤ ቤት ውስጥ ቶሎ የሚበላሸውም እሱ ነው። ምግብ ቤት የሚቀርበው ላዩ ቀላ ብሎ ሽታው ከሩቅ ይጣራል፤ ቤት የሚሠራው ብዙ ጊዜ አመድማ ሆኖ በገዛ ውሃው ውስጥ ይዋኛል። ጥፋቱ የቅመም አይደለም። ከቀይ ሥጋ ክብደት ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። ሥጋው ሁሉ ባንዴ መጥበሻ ላይ ሲገለበጥ ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ ሥጋውም ውሃውን ይለቃል፤ ያ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ሥጋው እየተቀቀለ እንጂ እየተጠበሰ አይደለም። የምንወደው ቀለምና ሽታ የሚመጣው ላዩ ደርቆ ሙቀቱ ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ ነው።

ስለዚህ ሥጋውን በአውራ ጣት አንጓ ልክ እቆርጥና እርጥበቱን በንጹሕ ጨርቅ አነሳለታለሁ። ከባዱን የብረት መጥበሻ ባዶውን አግለዋለሁ፤ ጠብ ያደረግኩበት ውሃ ተንጫጭቶ ወዲያው ከጠፋ ደርሷል። ትንሽ ዘይት፣ ከዚያ የሥጋው ግማሽ ብቻ፣ ቁርጥራጮቹ ሳይነካኩ። አላማስለውም። ጆሮዬን ነው የምሰጠው፦ ጥርት ያለ የመንጨርጨር ድምፅ ካለ እየተጠበሰ ነው፤ ድምፁ ረገብ ብሎ መንተክተክ ከጀመረ ውሃ ወጥቶታልና እሳቱን እጨምራለሁ። ከሥር ሲቀላ በራሱ ጊዜ ከብረቱ ይላቀቃል፣ ያኔ ይገለበጣል። ሁለቱም ዙር ተጠብሶ ሲወጣ፣ በዚያው መጥበሻ ተለቅ ተለቅ ተደርጎ የተቆረጠ ቀይ ሽንኩርት ይገባል። ሽንኩርቱ በሚለቀው እርጥበት ከሥር የተጣበቀውን ቡናማ ነገር በእንጨት ማንኪያ እፍቀዋለሁ፤ ጣዕሙ የተከማቸው እዚያ ነውና ማንም አይጠበው። ሥጋው ይመለሳል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል፣ ጨው። ቃሪያውና አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ የሚገቡት ምድጃው ሊጠፋ ሲል ነው። ቅቤው ቀድሞ ከገባ ያርራል፣ የኮረሪማውም መዓዛ ይሄዳል። ሽንኩርት ከመላጥ እስከ ማዕድ 25 ደቂቃ ይበቃል።

ውስጡ ለብ ብሎ ብቻ እንዲወጣ የሚወዱ አሉ። ልጆች ላሉበት ቤት አልመክረውም። የኮሶ ትል የሚተላለፈው ጥሬ ወይም በደንብ ካልበሰለ የበሬ ሥጋ ነው፤ ለብለብ ከዚህ አያድንም።

ማክሰኞ ምንቸት አብሽ ነው። የተፈጨ ሥጋ ለመብሰል ጊዜ አይፈልግም፤ ጊዜ የሚበላው ቁሌቱ ነው። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ውሃው እስኪመጥ መቁላላት፣ ከዚያ ዘይቱ ገብቶ በርበሬው ውሃ ጠብ ጠብ እየተደረገለት ጥሬ ሽታው እስኪለቅ መብሰል አለበት። ይህን ከሥራ ተመልሼ አልጀምረውም። እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ ድስት ቁሌት ሠርቼ፣ ሲቀዘቅዝ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍዬ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። ማክሰኞ ማታ አንዱን ዕቃ አሙቄ የተፈጨውን ሥጋ በጣቴ እየበተንኩ እጨምራለሁ። በአንድ ላይ ከተጣለ ይጓጉላል፣ በኋላ ማንኪያ አይፈታውም። የፈላ ውሃ ጥቂት፣ ቁንጥር የአብሽ ዱቄት፣ መጨረሻ ላይ መከለሻ። በማግስቱ ጾም ስለሆነ በልክ ነው የምሠራው፤ ድስቱ ማታውኑ መጠረግ አለበት።

ቅቅል ልፋት የለውም፤ የሚፈልገው ጊዜ ነው፣ በጊዜው ላይ ደግሞ አዲስ አበባ የራሷን ትጨምርበታለች። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብለን ስለምንኖር የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው። ጅቡቲ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ እኛ ዘንድ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ እሳቱን ብናንቀለቅለውም ከዚያ አይዘልም። ጅማት የሚልመው በሙቀትና በጊዜ ስለሆነ ሙቀቱ ሲያንስ ሰዓቱ ይረዝማል። ፕሬዠር እዚህ ከተማ ቅንጦት አይደለም የምለው ለዚህ ነው፤ እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። አጥንት ያለበትን ሥጋ፣ ለሁለት የተከፈለ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ትንሽ እርድና ጨው ከውሃ ጋር አድርጌ እከድነዋለሁ። የበግ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ የበሬ ቅልጥም ከሆነ 45 ደቂቃ። እሱ በሚበስልበት ሰዓት የልጆቹን የቤት ሥራ አያለሁ። ግፊቱ በራሱ ሳይወርድ ክዳኑን መታገል ፈጽሞ አይገባም። ቃሪያው ከተከፈተ በኋላ ተሰንጥቆ ይገባል፤ ለትንሹ ልጄ መረቁን ብቻ በእንጀራ አፈትፍቼ እሰጠዋለሁ።

ወሩ ሲያልቅና ኪስ ሲሳሳ ቦዘና ሽሮ አለ። ሁለት መቶ ግራም ሥጋ በደቃቁ ተከትፎ ቁሌቱ ላይ ጠበስ ይደረግና ውሃ፣ ከዚያ ሽሮው ይከተላል። በዚያች ሥጋ አራት ሰው ጠግቦ ይነሣል።

ቋንጣ ደግሞ ሥራው ቀድሞ ያለቀለት ሥጋ ነው። እኔ የምሰቅለው በጥቅምትና በኅዳር፣ አየሩ ደርቆ ነፋሱ ሲመጣ ነው፤ በክረምት ሳይደርቅ ይሻግታል። ስብ ያለበትን አልሰቅልም፣ ስቡ ቆይቶ ይከረፋል። ሥጋው በስስ ተዘልዝሎ በበርበሬና በጨው ይታሻል፤ ሲሰበር ቀጭ ማለት ሲጀምር ወርዶ አየር በማይገባው ዕቃ ይቀመጣል። ሐሙስ ማታ አንድ እፍኝ ሰባብሬ ከቁሌት ጋር አፈላውና የትናንቱን እንጀራ እፈረፍርበታለሁ። ቋንጣው ራሱ ጨው ስላለው ሳልቀምስ ጨው አልጨምርም።