ወታደሩን በሥራው የሚያቆየው ምንድን ነው?

ልጁ “ወታደር ልኾን ነው” ሲለው አንድ ወላጅ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ጦር ሜዳው ነው። ውትድርና ግን ደመወዝ፣ ሕክምና፣ የዓመት ፈቃድ እና ጡረታ ያለው መደበኛ ሥራም ነው። ሠራተኛው በዚህ ሥራ ምን እንደሚወድ እና በምን እንደሚማረር በየዓመቱ ጠይቀው መልሱን ለሕዝብ ይፋ ከሚያደርጉ ሀገራት አንዷ ብሪታኒያ ናት።

የሀገሪቱ መከላከያ ሚኒስቴር የምድር፣ የባሕር እና የአየር ኃይል አባላቱን በሥራው እንዲቆዩ የሚያደርጋቸው እና እንዲለቁ የሚገፋፋቸው ምን እንደኾነ በመጠይቅ ይጠይቃል። ለመቆየት ምክንያት ተብለው በተደጋጋሚ ከፊት የሚሰለፉት የሥራ ዋስትና፣ ሕክምና፣ የጥርስ ሕክምና እና ጡረታ ናቸው። የጥርስ ሕክምና እዚህ መዘርዘሩ ሊያስገርም ይችላል። በብሪታኒያ ሲቪሉ ነዋሪ መንግሥት በሚደጉመው አገልግሎት የጥርስ ሐኪም ለማግኘት ይቸገራል፤ ወታደሩ ግን ያለ ክፍያ ይታከማል።

ጡረታው ደግሞ ሰውን አስሮ የማቆየት ኃይል አለው። ወታደሩ ለጡረታ ከደመወዙ አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ2015 በተጀመረው ሥርዓት 20 ዓመት ያገለገለ እና ዕድሜው 40 የደረሰ አባል ሲሰናበት በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ያገኛል፤ የጡረታ ዕድሜው እስኪደርስም መደበኛ ክፍያ አይቋረጥበትም። 15 ዓመት ያገለገለ ሰው የቀሩትን አምስት ዓመታት ቆጥሮ ቢታገሥ አይፈረድበትም።

ከሥራው የሚያስወጣው ምክንያትስ? ለዓመታት በቀዳሚነት የተጠቀሰው ውትድርናው በቤተሰብ እና በግል ሕይወት ላይ የሚያሳድረው ጫና ነው። ወታደሩ ከአንዱ ጦር ሰፈር ወደ ሌላው ሲዛወር የትዳር አጋሩ ሥራ ይቋረጣል፤ ልጆችም ትምህርት ቤት ይቀይራሉ። መንግሥት ለዚህ ሲል ለአዳሪ ትምህርት ቤት ድጎማ ይሰጣል። የመኖሪያ ቤቱ ጉዳይ ግን ብዙ ቅሬታ አስነስቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 መንግሥት የወታደር ቤተሰቦች የሚኖሩባቸውን ቤቶች ለግል ኩባንያ ሸጦ መልሶ ይከራያቸው ጀመር። ጥገናው እየጓደለ ነዋሪው ሲማረር ከቆየ በኋላ፣ በጥር 2025 ከ36 ሺህ በላይ የሚኾኑትን በ6 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ መልሶ ገዝቷቸዋል። በርካሽ ተሽጦ በውድ የተገዛ ንብረት መኾኑ ነው።

የኢትዮጵያ ወታደር ከብሪታኒያው በተለየ ለጡረታው ከደመወዙ ያዋጣል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ የወታደሩን መዋጮ 7 በመቶ ሲያደርግ፣ የመንግሥትን ደግሞ በሂደት 25 በመቶ እንዲደርስ ደነገገ። ለሲቪል ሠራተኛ የመንግሥት ድርሻ 11 በመቶ ነበር። ወታደር ከሲቪሉ ቀድሞ በጡረታ ስለሚሰናበት ለረጅም ዓመታት የሚከፈለው ገንዘብ ቀደም ብሎ መጠራቀም አለበት።

ከዚህ መብት ተካፋዩ ወታደሩ ብቻ አይደለም። ሲሞት ሚስት ወይም ባል፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች፣ እንዲሁም በእርሱ ድጋፍ ይኖሩ የነበሩ እናት እና አባት በተተኪነት አበል ይጠይቃሉ። ጥያቄው ሲቀርብ ከሟቹ ጋር ያለው ዝምድና በማስረጃ መረጋገጥ ስላለበት፣ የጋብቻ እና የልደት ምዝገባ ከወዲሁ ከቀበሌ ቢጠናቀቅ ቤተሰቡን ከብዙ ምልልስ ያድነዋል።