በቤት ውስጥ የሚሸት ላምባ ከወዴት እንደሚመጣ ስለ ማወቅ

ከቢሮ ሥራችሁ ውላችሁ ማታ የቤታችሁን በር ስትከፍቱ የላምባ ሽታ ቢቀበላችሁ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት ምንድን ነው? አብዛኛው ሰው «ከየት ነው የሚሸተው?» ይልና ማእድ ቤቱን ሁሉ ማገላበጥ ይጀምራል። ዳሩ ግን የላምባ ትነት ከክፍል ወደ ክፍል የሚዘዋወር ስለ ሆነ፥ አፍንጫችንም ሽታውን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስለሚለምደው፥ በዚህ መንገድ የሚፈልግ ሰው ይደክማል እንጂ ብዙ ጊዜ አያገኝም። ከዚህ ይልቅ «የሚሸተው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል። ሽታው የሚነሣበት ሰዓት የሚወጣበትን ስፍራ ያመለክታልና።

ይህ አጠያየቅ ለእኛ ምድጃ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። በአሜሪካ ሰሜናዊ ምሥራቅ ግዛቶች፥ ክረምቱ ብርቱ በሆነበት አገር፥ ብዙ ቤት የሚሞቀው በምድር ቤት በተተከለ በነዳጅ ዘይት በሚሠራ ቦይለር ነው። በዚያም የነዳጅ ሽታ ሲነሣ ብልህ የሆነ ጠጋኝ መፍቻውን ከማንሣቱ በፊት የቤቱን ባለቤት ይጠይቃል፤ ሽታው ቀንና ሌሊት የማያቋርጥ ከሆነ ማጠራቀሚያውንና ቧንቧውን፥ እሳቱ ሲነሣ ወይም ሲጠፋ ብቻ ከሆነ ደግሞ ማቃጠያውን ይመረምራል። በተለምዶ ቡታጋዝ የምንለው የላምባ ምድጃ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም እርሱም ማጠራቀሚያና ማቃጠያ ያለው ስለ ሆነ የምርመራው መንገድ አንድ ነው።

የምድጃው አሠራር ቀላል ነው። ክሮቹ ላምባውን ከሥር ወደ ላይ ይስባሉ፤ ላምባውም በክሩ ጫፍ ላይ በሙቀት ይተናል፤ የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ይኸው ትነት ነው። ትነቱ በቂ አየር ካገኘ በሰማያዊ ነበልባል ተቃጥሎ ያልቃል። ሳይቃጠል ያመለጠው ግን ሽታ ሆኖ ወደ ቤታችን ይገባል።

እንግዲህ ምድጃው ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ፥ ለምሳሌ ጧት ከእንቅልፍ ስትነሡ የሚሸት ከሆነ፥ ነገሩ የእሳት ሳይሆን የመፍሰስ ነው። ማታ ምድጃውን በደንብ ጠርጋችሁ ከሥሩ ነጭ ወረቀት አንጥፉለት። ጧት ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ስትመለከቱት ላምባ የነካው ስፍራ ቅባት እንደ ነካው ሁሉ ብርሃን ያሳልፋል፤ ነጠብጣቡ ያረፈበትም ቦታ የሚያፈሰው ብየዳው ይሁን ወይም ክዳኑ ይነግራችኋል። ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ሽታው ካለ ደግሞ ምድጃውን አትጠርጥሩት። ማጠራቀሚያውን አፉ ድረስ መሙላትም አንዱ ስሕተት ነው፤ ላምባ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር መጠኑ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ስለሚሰፋ ቦታ ሲያጣ በክዳኑ በኩል ይወጣል።

አንድ የማውቀው የመንግሥት ሠራተኛ በዚህ ሽታ ምክንያት ሁለት ጊዜ ክር ካስለወጠ በኋላ አልሆን ቢለው ምድጃውን ለሰው ሰጥቶ አዲስ ገዛ። አዲሱ ምድጃ በገባበት ቀን ማታ ያው አሮጌው ሽታ ነበረ። ኋላ ሲታይ ጥፋቱ የጀሪካኑ ሆኖ ተገኘ፤ ከበርበሬው ዕቃ አጠገብ በሣንቃ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ የክዳኑ ጎማ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሲቀዳ የሚንጠባጠበውን ሣንቃው ለወራት ሲጠጣው ኖሯል። እንጨት፥ የአፈር ወለልና የምድጃ መጥረጊያ ጨርቅ የጠጡትን ላምባ ቀስ በቀስ ስለሚተፉት ማንም አይጠረጥራቸውም። የፈሰሰውን በአመድ ወይም በአሸዋ አስመጥጦ ወደ ውጭ ማውጣት፥ ስፍራውንም በሳሙና ማጠብ ያስፈልጋል፤ ጨርቁ በማእድ ቤት ማደር የለበትም። ጨለማ ነው ተብሎም ክብሪት ጭሮ መፈለግ ፈጽሞ አይገባም።

ሽታው የሚመጣው ሲለኮስና ሲጠፋ ብቻ ከሆነ ለጥቂት ደቂቃ ያህል የተለመደ ነገር ነው፤ ቆርቆሮው እስኪሞቅ፥ ሲጠፋም የጋለው ክር እስኪቀዘቅዝ ትነቱ ሳይቃጠል ይወጣልና። ከዚያ በላይ ከቆየ የክሩ ጫፍ አርሮ ደርቆ እንደ ሆነ፥ ወይም ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቆርቆሮ በስፍራው በትክክል ተቀምጦ እንዳልሆነ ተመልከቱ።

እየነደደ ሳለ የሚሸተው ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ የድስቱን ቂጥ ጥላሸት ካለበሰው አየር አንሶታል ማለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ የሚበልጥ ስፍራ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በቆላ ከተማ በንጽሕና የሚነድ ምድጃ፥ ክሩ በዚያው ልክ ከፍ ቢል፥ እዚህ ሊያጨስ ይችላል። መድኃኒቱ ክሩን ዝቅ ማድረግና ጫፉን እኩል አድርጎ መቁረጥ ነው። ከክሮቹ አንዱ ቢወድቅ ወይም ቢያጥር «ሌሎቹ ይበቃሉ» ተብሎ ባዶ ቀዳዳ መተው አይገባም፤ እሳቱ በዚያ ቀዳዳ በኩል ወደ ማጠራቀሚያው ሊወርድ ይችላልና።

ከተለመደው የላምባ ሽታ ይልቅ ሰላ ያለና አፍንጫ የሚወጋ ሽታ ከመጣ ላምባው ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ እንዳይሆን መፍራት ይገባል። ይህም ሻጩ ሲያጭበረብር ብቻ ሳይሆን ቀድሞ ቤንዚን በነበረበት ጀሪካን ላምባ ሲቀዳም የሚደርስ ነገር ነው። ንጹሕ ላምባ በእሳት የሚያያዝ ትነት ለመስጠት 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ መሞቅ ሲኖርበት፥ ቤንዚን ግን ከበረዶ በታች በሆነ ብርድ እንኳ ይህን ትነት ይሰጣል። ሁለቱ የተቀላቀሉበት ምድጃ ሊፈነዳ ይችላል። እንዲህ ያለውን የተጠረጠረ ላምባ «በገንዘብ የተገዛ ነው» ብሎ መለኮስ አይገባም።

አሁን በክረምት ሌሊት ስለሚደረገው አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። አንዳንድ ቤተ ሰብ የላምባው ሽታ ሲያስመርረው ምድጃውን ያወጣና በምትኩ የተቀጣጠለ ከሰል አስገብቶ በርና መስኮቱን ይዘጋል። ፍም የሆነ ከሰል አያጨስም፥ እምብዛምም አይሸትም፤ ስለዚህ የተሻለ ይመስላል። ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ጋዝ በብዛት ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የሌለው ሲሆን፥ በደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃል። አየር ያነሰው የላምባ ምድጃም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል። የላምባው ሽታ ቢያንስ ከእንቅልፍ ይቀሰቅስ ይሆናል፤ ይኸኛው ግን ለተኛ ሰው ምንም ምልክት አይሰጥም። ስለዚህ ላምባም ሆነ ከሰል በሚነድበት ክፍል መስኮት ገርበብ ማለት አለበት፤ የሚነድ ነገር አስገብቶም መተኛት አይገባም።

በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ቢያመው፥ ቢያዞረውና ቢያቅለሸልሸው፥ ወደ ደጅ ሲወጣም ሻል ቢለው፥ መጀመሪያ ሰዎቹን ሁሉ ማውጣት፥ በሩን እንደ ተከፈተ መተው፥ ቀጥሎም ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል። ለሐኪሙም በቤቱ ውስጥ ምን ሲነድ እንዳመሸ ንገሩት፤ ይህ ካልተነገረው ሕመሙ ከጉንፋን ወይም ከምግብ መመረዝ ጋር ሊመሳሰልበት ይችላል።