የቆሎ ተማሪው ስንተኛ ክፍል ነው?

በአውሮፓና በአሜሪካ ቤታቸውን ሸጠው፣ መኪና ወይም ጀልባ ገዝተው፣ ልጆቻቸውን በጉዞ ላይ እያስተማሩ የሚያሳድጉ ወላጆች አሉ። አውስትራሊያ ደግሞ ከከተማ ርቀው ለሚኖሩ የከብት አርቢ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1951 አሊስ ስፕሪንግስ ላይ በሬዲዮ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከፍታለች። ይህን ስንሰማ እንደ አዲስ ነገር ይገርመናል። እኛ ግን ልጅን ከቤቱ አውጥቶ አገር ላገር እያዞረ የሚያስተምር ሥርዓት ከያዝን ዘመናት አልፈዋል። የእኛው ልጅ የሚጓዘው ያለ እናት ያለ አባት ነው፤ ስንቁንም በየደጁ ለምኖ ያገኛል።

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ሽቅብ የሚወጣ፣ በየካ ሚካኤል ደጅ የሚያልፍ ሰው እነዚህን ልጆች፣ የቆሎ ተማሪዎቹን፣ አይቷቸዋል። ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው። ከተማ ሲገቡ ደበሎው በነጠላ፣ አኩፋዳው በፌስታል ይተካል፤ በቃል የያዙት ትምህርት ግን ያው የጥንቱ ነው። ከመካከላቸው አንዱን ስንተኛ ክፍል ነህ ብትሉት የሚመልሰው የለውም። ዳዊት ደግሟል፣ ቅኔ ቤት ገብቷል፣ ምናልባት ሥላሴ ደርሷል። በመንግሥት ቋንቋ ግን ከትምህርት ገበታ ውጭ ያለ ልጅ ነው።

ስለ ቆሎ ተማሪ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተነገረን ሊቅ ሆነው በወጡት አንደበት ነው። አለቃ ለማ ኃይሉ በስተርጅና ያወጉትን ልጃቸው መንግሥቱ ለማ በቴፕ ቀርጾ በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብሎ አሳተመው። ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስና በዲማ የተማሩበትን ዓለም በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ለዋናው ገጸ ባሕርይ ለበዛብህ አውርሰውታል። ሁለቱም የምወዳቸው መጻሕፍት ናቸው። ነገር ግን ተርፎ የተማረ ሰው ረሃቡን ሲያስታውስ ፈገግ እያለ ነው። በቅማል የሚተላለፈው የግርሻ ትኩሳት እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ተፋፍገው በሚኖሩ የአብነት ተማሪዎች መካከል ይነሣል፤ በእሱ የሞተው ልጅ ትዝታውን አልጻፈም። በሁለተኛው ዓመት ተስፋ ቆርጦ ወደ ከብት ጥበቃው የተመለሰውም አልጻፈም። ስለዚህ ጉዳዩን ገና በመንገድ ላይ ካለው ልጅ ጎን ቆመን እንየው።

ልጁ ብዙ ጊዜ ከቤት የሚወጣው ጠፍቶ ነው። አባት ከብት የሚጠብቅለት፣ ሲጎለብት ሞፈር የሚጨብጥለት ልጅ ይፈልጋል። ልጁ ደግሞ በሰፈሩ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን በግዕዝ፣ በውርድ፣ በቁም ንባብ ወጥቶ፣ ዳዊት ላይ ሲደርስ የቀለም ፍቅር ይገባዋል። ዘመድ አግኝቶ እንዳይመልሰው ሩቅ አገር ይመርጣል። እዚያ ሲደርስ የመጀመሪያው ትምህርቱ ከመጽሐፍ አይደለም። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ድምፁን ማሰማት፣ ውሻ ሲመጣ ጀርባ አለመስጠት፣ ዱላን እንዴት እንደሚይዙ ማወቅ፣ የተሰጠውን ቁራሽ አድርቆ ኮቾሮ አድርጎ ለዝናብ ጊዜ ማስቀመጥ ይማራል። አንድ ጎልማሳ ቢያፍርበት የማይፈረድበትን ልመና የዘጠኝና የዐሥር ዓመት ልጅ እንደ ትምህርቱ ክፍል ይቀበለዋል። ትሕትና ይማርበታል የሚሉ አባቶች አሉ። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ልጁ በዚያ ሰዓት የሚማረው በየትኛው ቤት ውሻ እንዳለ ነው።

ጉዞውስ ለምንድን ነው? ትምህርቱ ራሱ በአገሩ ላይ ተበትኖ ስለተቀመጠ ነው። ድጓ የሚያስመሰክር ጋይንት፣ ቤተልሔም ይወርዳል። ዝማሬ መዋሥዕት ያለው ዙር አባ ነው። አቋቋምና መጻሕፍት ጎንደር ናቸው፤ ቅዳሴ ሰለልኩላ ወይም ደብረ ዓባይ። ቅኔ ደግሞ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዋድላ እየተባለ በየቤቱ ጠባዩ ይለያል፤ የአንዱን ቤት የቀመሰ የሌላውን ለማየት ይነሣል። ጎጆውን ትቶ ወይም ለመጪ ልጅ አውርሶ፣ ያለችውን ጠቅልሎ ይሄዳል። ማንም አይከለክለውም። ይህ ነፃነት ነው ከሁሉ ይልቅ የሚያስቀናኝ፤ መምህሩን የሚመርጠው ተማሪው ነው፤ የማይስማማው ከሆነ ወደ ሌላው ይሻገራል። ለትምህርቱ የሚከፍለው ገንዘብ የለም፤ ለየኔታ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል።

የቅኔ ቤትን አንድ ቀን ጠጋ ብለን እንመልከት። አዲስ ገቢው በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ የግዕዝ ግሥ ሳያጠና ግን እሷም አትገጥምም። ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ፣ አምስት ቤት ወዳለው ዋዜማ፣ ስድስት ወዳለው ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። በቀን ልጁ ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከድንጋይ ጥግ ይቀመጣል፤ ደበሎውን ተከናንቦ ይቆጥራል። ቅኔ ቆጠራ ይሉታል። ሲመሽ በየኔታ ፊት ቆሞ ወይም ተቀምጦ የራሱን ይናገራል። የትናንቱን ይዞ መምጣት አይቻልም፤ የጓደኛውን መስረቅም ወዲያው ያስይዛል። የኔታ ግሡን ያርማሉ፣ ዜማውን ይጠብቃሉ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ይመልሱታል። በየቀኑ አዲስ ነገር ፈጥሮ በመምህርና በጓደኞች ፊት እንዲያቀርብ የሚጠየቅ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በየትኛው ዘመናዊ ትምህርት ቤታችን አለ? ለፈተና የሚሸመድደውን ልጄን እያየሁ ይህን ደጋግሜ አስቤያለሁ።

ከዚህ ሁሉ ጋር ግን ሲሳይ አብሮ አልተሰጠውም። አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ ጭንቁ መልኩን ይለውጣል። በገጠር ደጅ ክፍት ነው፤ የቤቱ እመቤት ተማሪ መጣ ብላ ቁራሽ ትልካለች፤ የራሷም ልጅ በሌላ አገር ደጅ ቆሞ ይሆናል። በየካና በእንጦጦ ሥር ባሉ ሰፈሮች ልጁን የሚቀበለው የብረት በርና ዘበኛ ነው። ልመናው እንደ ትምህርት መቆጠሩ ቀርቶ እንደ ማንኛውም የጎዳና ልመና ይታያል። አንዳንዱ ሎተሪ ያዞራል፣ አንዳንዱ ቀን የጉልበት ሥራ ሠርቶ ማታ ለቀለሙ ይመለሳል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ጦርነት ደግሞ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ የሚያሻግረውን መንገድ አስፈሪ አድርጎታል።

ከእንጦጦ ሥር ሆነን ይህን ስናወራ አንድ ሰው ማንሣት ግድ ነው። ከመርሐ ቤቴ የተነሣው ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በእንጦጦ ራጉኤል ተማረ፤ ኋላ ደራሲ፣ ብላቴን ጌታ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። በዚያ ዘመን መንግሥት ጸሐፊ ሲፈልግ ዘወር የሚለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላም በሩ ወዲያው አልተዘጋም። ሐዲስ ዓለማየሁ ከቅኔ ቤት ወጥተው አዲስ አበባ በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተምረዋል። የቄስ ትምህርት ቤትም ለብዙ ትውልድ የመጀመሪያ ክፍል መግቢያ ሆኖ አገልግሏል። ዛሬ ያ መሸጋገሪያ ጠቧል። ሰርተፊኬት የሌለው፣ ዕድሜው ያለፈ ልጅ መመዝገብ ሲፈልግ ከአንደኛ ክፍል ጀምር ይባላል፤ ወይ ወደ ማታ ትምህርት ይሄዳል፤ ወይ ይተወዋል።

መንግሥት ለእነዚህ ልጆች ለምን አያስብም ሲባል የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ ይሰጥ ይላል። ልክ ነው፤ መንግሥት ድጓ ያስተምር የሚል የለም። ድጓውን ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ እንደ ማኅበረ ቅዱሳን ያሉ ማኅበራትም የአብነት ትምህርት ቤቶችን ይደግፋሉ። መንግሥት የሚጠየቀው ስለ ልጁ ነው። ሂሳብ፣ ሳይንስ፣ እንግሊዝኛ፣ ክትባት፣ ሳሙና ሃይማኖት የላቸውም። ለአርብቶ አደር ልጆች ተብሎ የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች በሦስት ዓመት የሚያስጨርስ አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ተቀርጿል፤ ከብት ተከትሎ ለሚጓዝ ልጅ የታሰበው ቀለም ተከትሎ ለሚጓዘው ለምን ይቀርበታል? መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉም የአዲስ አበባ ልጆች በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ከየቤታቸው እንዲማሩ ተደርጓል። ከክፍል ውጭ የተማረን ልጅ እንደ ተማሪ መቁጠር እንደሚቻል ያን ጊዜ ታይቷል።

ቀለም ተከትሎ የመጓዙ መንገድ ለሴት ልጅ አልተከፈተም ነበር፤ ይህንንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔን የተማሩት ከገዛ አባታቸው እግር ሥር፣ ቤታቸው ሆነው ነው፤ ኋላም በጎጃም ወንዶቹን ሲያስተምሩ ኖሩ። አባታቸው መምህር ባይሆኑ ኖሮ ዱላ ይዘው ዋሸራ መውረድ አይችሉም ነበር። እንዲህ ያለ አባት ያላጋጠማቸው ስንት እንደሆኑ ማን ይቆጥራቸዋል።

ለየካና ለእንጦጦ ልጆች የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። የአብነት ልጅ ቀኑ በቀለም የተከፋፈለ ስለሆነ የሚመቸውን ሰዓት ከየኔታ ጋር ተነጋግሮ ማግኘት ይቻላል፤ በአካባቢው ካለ የመንግሥት ትምህርት ቤት አንድ መምህር ሰዓቱን ጠብቆ ቢመጣ፣ ወይም ልጆቹ ወደዚያ ቢሄዱ ይበቃል። ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ እዚሁ የካ ውስጥ ነው፤ ለተግባር ልምምድ የሚወጡ ዕጩ መምህራን ከዚህ የቀረበ ክፍል አያገኙም። ልጁ በአማርኛ ማንበብና መጻፍ ይችላልና በችሎታው ተመዝኖ በሚመጥነው ክፍል ይመደብ፤ ከአንደኛ ክፍል ልጆች ጋር በትንሽ ወንበር ላይ አይቀመጥ። ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው ሲነሣም ውጤቱ የተጻፈበት ወረቀት በእጁ ይኑር፤ ጎንደር ቢሄድ፣ ዋድላ ቢሄድ፣ ያቋረጠበት ቦታ ላይ የሚቀበለው ትምህርት ቤት እንዲያገኝ። ይህን የትምህርት ቢሮና የሀገረ ስብከቱ አብነት ክፍል ለዓመታት ሳይጓተቱ፣ በሚመጣው መስከረም ምዝገባ በአንድ ወረዳ ሊጀምሩት ይችላሉ።