ዓይን ከመንደርደሪያው ጫፍ ላይ

አውሮፕላን ማሳረፍ ማለት ወደ መሬት መውረድ ብቻ አይደለም፤ ከመንደርደሪያው መካከለኛ መሥመር ሳይዛነፉ መውረድ ጭምር ነው። ጎኑን ሰጥቶ መሬት የሚነካ አውሮፕላን እግሩን ሊሰብር ወይም ከመንደርደሪያው ሊወጣ ይችላል።

በቢሾፍቱ አየር ኃይል ለብዙ ዓመታት ለማስተማሪያነት ያገለገለው የስዊድኑ ሳፊር፣ ተማሪና አስተማሪ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ነበር። በግራ ወንበር ያለ ጀማሪ የአፍንጫውን መካከል ከመንደርደሪያው ጫፍ ጋር ሲያገጥም፣ አውሮፕላኑ ሳይታወቀው ወደ ግራ ይዞርበታል። ስለዚህ ቀጥተኛው አቅጣጫ ከራሱ ዓይን ትይዩ ያለው መሆኑን ይማራል። እይታውንም ከቅርቡ አስፋልት አንሥቶ በሩቁ ጫፍ ላይ ያሳርፋል።

ነፋስ ከግራ ሲነፍስ የግራ ክንፉን ዝቅ ያደርጋል፤ አፍንጫው እንዳይዞርም የቀኙን ፔዳል ይረግጣል። ጎማዎቹ መሬት ከነኩም በኋላ እግሩን አያዝናናም፤ ሥራው የሚፈጸመው አውሮፕላኑ ሲቆም ነው።

መሥመሩ ከጠፋበት የሞተሩን ኃይል ጨምሮ እንደገና መነሣትና ዞሮ መምጣት ነውር አይደለም። በር ላይ የምትጠብቅ ባለቤቱ «ዛሬ ለምን ዘገየህ?» ብትለው፣ «በደኅና ለመግባት» ብሎ ቢመልስላት እውነቱን ነው።