መድረኩን ወይስ ንጉሡን? ቴአትር፣ ትረካና የሕንፃ ንድፍ



ለብዙ ዓመታት የብሔራዊ ቴአትርን ሕንፃ ያስተማርሁት በዓምዶቹ፣ በእይታ መሥመሮቹና በድምፅ አያያዙ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ፣ «መምህር፣ በመክፈቻው ዕለት ሰው ያየው መድረኩን ነው ወይስ ንጉሡን?» ስትል ጠየቀችኝ። የዛሬው ንግግሬ ከዚያ ጥያቄ የተወለደ ነው።

ታሪኩን እናስታውስ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተጀምሮ የቀረውን ሕንፃ ያጠናቀቀው ፈረንሳዊው አርክቴክት ኦንሪ ሾሜ ነው። በ1948 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የጫኑበት 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተከፈተ። የመክፈቻው ተውኔት «ዳዊትና ኦርዮን» ሲሆን፣ ደራሲው በጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት መኮንን እንዳልካቸው ናቸው።

በመጽሐፍ ቅዱስ እንደምናነበው፣ ዳዊት የወታደሩን የኦርዮን ሚስት ወሰደ፤ እርሱንም ውጊያው ከበረታበት ግንባር አሰልፎ አስገደለው። ሰሎሞን የተወለደው ከዚያችው ሴት ነው። በዚያው በ1948 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን የዘር ሐረግ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ይመዝዛል፤ ንጉሠ ነገሥቱም የተቀደሱና የማይደፈሩ እንደሆኑ ይደነግጋል። ሕጉ ያከበረውን የዘር ሐረግ፣ በንጉሡ ስም በተሠየመው አዳራሽ፣ ተረኩ ከነኀጢአቱ ወደ መድረክ አወጣው። ነቢዩ ናታንም ዳዊትን የገሠጸው በቀጥታ በመክሰስ ሳይሆን ስለ አንዲት በግ በመተረክ ነበር፤ ንጉሡ ተቆጥቶ ሲፈርድ በራሱ ላይ ፈረደ። ሰምና ወርቅን ለምናውቅ ለእኛ ይህ መንገድ እንግዳ አይደለም።

ከዚያ ጥያቄ ወዲህ ተማሪዎቼ ፕላን ከመሣላቸው በፊት አጭር ትዕይንት ይጽፋሉ። ገጸ ባሕርያቱ ሦስት ናቸው፤ ባለሥልጣኑ፣ ዘበኛውና ትኬት ያላገኘው ሰው። ማን በየትኛው በር ይገባል? ማን ይጠብቃል? ማንስ ሳይታይ ያያል? ከዚያ ፕላኑን በጠመኔ ወለሉ ላይ አሥምረው ትዕይንቱን ይተውኑታል። በወረቀት ላይ የሁለት ሜትር መተላለፊያ የነበረው፣ ዘበኛው ሲቆምበት ድንበር ይሆናል። ስለ ሀገር ፖለቲካ በቀጥታ ለመናገር የሚቸገር ተማሪ፣ በዘበኛው አፍ ሲሆን ይናገራል።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የቴአትሩ ስም ተለወጠ፤ አዳራሹ ግን ቆየ። ሥርዓት ስምን በአንድ ቀን ይለውጣል፤ በርንና ደረጃን ለመለወጥ ግን ንድፍ ያስፈልጋል። ለዚያች ተማሪ የምሰጣት መልስም ይኸው ነው፤ አዳራሽ መድረኩንና ንጉሡን በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኛል፤ ማን ማንን እንደሚያይ የሚወስነው ግን እኛ የምናሠምረው መሥመር ነው።