ዳይኖሰርን የሸኘው እንስሳ ከእኛ ይተርፍ ይሆን?

ሰሞኑን እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ስልኬን ስነካካ አንድ ፎቶ ፊቴ ድቅን አለ። የብረት ቆብ የመሰሉ እንስሳት በመደዳ ታስረዋል፤ ከሥራቸው ባሉ ጠርሙሶች ውስጥ ሰማያዊ ፈሳሽ ይጠራቀማል። «ይሄማ ኤአይ የሠራው ነው» ብዬ ላልፈው ነበር። ለካ ፎቶው እውነተኛ ነው፤ ሰማያዊው ፈሳሽም ደም ነው። ስለዚህ እንስሳ ሳነብ ሌሊቱ ነጋ።

በእንግሊዝኛ «ሆርስሹ ክራብ» ይሉታል። እኛ ቅርፊቱን አይተን የፈረስ ኮቴ ሸርጣን እንበለው። ስሙ ግን ያሳስታል፤ እንስሳው ጭራሽ ሸርጣን አይደለም። የሚቀርቡት ዘመዶቹ ሸረሪትና ጊንጥ ናቸው። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት ዝርያዎች አራት ብቻ ሲሆኑ፣ አንዱ በሰሜን አሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ፣ ሦስቱ በእስያ ባሕሮች ይኖራሉ።

ዕድሜያቸውን ስሰማ ነው የደነገጥኩት። ካናዳ ውስጥ የተገኘ የዚህ ወገን ቅሪተ አካል 445 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ነው። ዳይኖሰሮች ብቅ ያሉት ከ230 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ የጠፉት ደግሞ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት። እነዚህ እንስሳት ዳይኖሰር ሲመጣም ነበሩ፣ ሲሄድም ነበሩ ማለት ነው። «ሕያው ቅሪተ አካል» የሚባሉትም ለዚህ ነው። ይሁንና በዚህ ሁሉ ዘመን ዝም ብለው አልተቀመጡም። ጨው አልባ ውሃ ውስጥ የኖሩ ዘመዶች ነበሯቸው፤ እነሱ አልቀዋል። እስከ ዛሬ ብዙም ያልተለወጠው የውጭ ቅርጻቸው ነው።

ወደ ደሙ እንመለስ። የእኛ ደም ኦክስጅን የሚሸከመው በብረት ስለሆነ ቀይ ነው። የእነሱ በመዳብ ስለሚሸከም አየር ሲነካው ይሰማያል። ትልቁ ነገር ግን ቀለሙ አይደለም። ፍሬድሪክ ባንግ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1956 ይህ ደም ባክቴሪያ ሲነካው እንደሚረጋ አሳወቀ። ከዚያም ከጃክ ሌቪን ጋር ሆኖ ምክንያቱን ደረሰበት፦ ደሙን የሚያረጋው ኢንዶቶክሲን የሚባለው የባክቴሪያ መርዝ ነው። ይህ መርዝ ባክቴሪያው ተቀቅሎ ከሞተ በኋላ እንኳ አይጠፋም። ደማችን ውስጥ ከገባ ትኩሳት ያስነሳል፤ ከባሰም ይገድላል።

ድሮ መድኃኒት የሚፈተነው ጥንቸል ተወግታ ትኩሳቷ እየተለካ ነበር። ከ1970ዎቹ ወዲህ ሥራውን ሰማያዊው ደም ተረከበው። እስቲ ክንዳችሁን ተመልከቱ። ክትባት ወይም ጉሉኮስ ወስዳችሁ ከሆነ፣ ምናልባት እናንተም የዚህ እንስሳ ባለዕዳ ናችሁ።

እዚህ ጋ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ትዝ አለኝ። ፈላጊ ሲበዛ ዋጋ ይወጣል፤ ዋጋ ሲወጣ አቅርቦት ይጨምራል ተብለን ነበር። ሴቷ የፈረስ ኮቴ ሸርጣን ግን ለመራባት 10 ዓመት ገደማ ይፈጅባታል። የፈለገውን ያህል ዋጋ ብትጨምሩ አትቸኩልም።

አሜሪካ ውስጥ በዴላዌር ባሕረ ሰላጤ፣ በግንቦትና በሰኔ፣ በተለይ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና አዲስ በወጣችበት ሰሞን ወደ አሸዋው ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች እዚያው እየሰበሰቡ በሚሊዮን የሚቆጠሩትን ፈጭተው ማዳበሪያ አደረጓቸው። ቀጥሎ የዓሣ ማጥመጃ ሆኑ። ለደማቸው የሚያዙት ወደ ባሕር ይመለሳሉ፤ ሆኖም ተቆጣጣሪዎች 15 በመቶ ያህሉ እንደሚሞቱ ይገምታሉ፤ ከዚህ ከፍ ያለ ቁጥር የሚሰጡ ጥናቶችም አሉ። እንቁላሉ ሲቀንስ የሚራብ ሌላም አለ። ሬድ ኖት የምትባለው ወፍ ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ተነስታ ወደ ሰሜን ዋልታ አካባቢ ስትበር ስንቋን የምትሞላው በዚህ እንቁላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ይህችን ወፍ ለአደጋ የተጋለጠች ብላ መዘገበቻት። የአንድ ጠብታ ደም ዋጋ ሲተመን የወፏ ረሃብ ሂሳቡ ውስጥ የለም።

ደስ የሚለው፣ መፍትሔው አለ። የሲንጋፖር ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ዲንግ ጂያክ ሊንግና ሆ ቦው በደሙ ውስጥ መርዙን የሚለየውን ፕሮቲን፣ እንስሳውን ሳይነኩ ላቦራቶሪ ውስጥ ማምረት የሚቻልበትን መንገድ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሠርተዋል። ግን የመድኃኒት ዓለም የለመደውን ቶሎ አይለቅም፤ አዲሱን ዘዴ የመረጠ ኩባንያ ከነባሩ እኩል መሆኑን በተጨማሪ ማስረጃ ማሳየት ነበረበት። የአውሮፓው የመድኃኒት ደረጃ ሰነድ ዘዴውን ከ2021 ጀምሮ ተቀበለው። የአሜሪካው ደረጃ አውጪ ያጸደቀው በ2024 ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ መሆኑ ነው።

አሁን ምርጫው የኩባንያዎቹ ነው። እኔ ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ አንዲት የክፍል ትምህርት ከአእምሮዬ አልጠፋ ብላለች፤ ተተኪ ያለው ዕቃ ቢጠፋ ገበያው ይችለዋል። ምርመራው ተተኪ ተገኝቶለታል። እንስሳው ግን ተተኪ የለውም።